በር ላይ የተመለሰው መልእክት

አማቼን ሲደበድቡት እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከጎጆ ከተማ በማለዳ መኪና ተሳፍሬ አምቦ ገብቼ፣ ከባጃጅ ወርጄ፣ የድንች ጆንያዬን ከኮሌጁ አጥር አስደግፌ፣ ዘበኛውን "ልጄን ጥራልኝ" ልለው ስል ጩኸት ተነሣ። መጀመሪያ ኳስ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ መስታወት ሲረግፍ ሰማሁ። መስታወት በጨዋታ እንደዚያ አይረግፍም።

አማቼ፣ የሴት ልጄ ባል፣ በዚያ የግል ኮሌጅ ሬጅስትራር ነበር፤ የተማሪ ምዝገባና ውጤት የሚይዝ ማለት ነው። ልጄም እዚያው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። ባልና ሚስት በአንድ ግቢ ይውላሉ፣ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ሰው "እናንተ አትሰለቻቹም ወይ?" እያለ ይቀልድባቸዋል። ያን ቀን እሷ ላይኛው ፎቅ በር ተቆልፎባት በመስኮት ትጮሃለች፣ እሱን ከምድር ቤቱ በከረባቱ እየጎተቱ ያወጡታል። ወንበር ሰብረው በወንበሩ እግር ነበር የሚመቱት። አንዱ ወረቀት ፊቱ ላይ እየለጠፈ "ስምህ አይደለም? ይሄ ስምህ አይደለም?" ይለዋል። ሊመልስ አፉን ሲከፍት አፉን ይመቱታል። "አይደለ..." ብሎ ይጀምራል፣ አይጨርስም። ኋላ አንዱ ጫማውን ፊቱ ላይ አሳረፈ። የግራ ዓይኑ የጠፋው ያኔ ነው።

እኔም ገባሁ። ማን አሮጊት ይመታል ብዬ። "ልጆቼ! ኧረ ልጆቼ!" እላለሁ። አንዲት ተማሪ ትከሻዬን ይዛ "እማማ፣ ዞር ይበሉ፣ ሰው ይረግጥዎታል" አለችኝ። አክብራ ነው ያለችኝ፤ በሌላ እጇ ድንጋይ ይዛለች።

ዘበኛው ወደ ሰማይ ተኮሰ። ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ወደዚያች ጠባብ በር ዞረ። አንድ ቀጭን ልጅ ሲወድቅ አየሁ፤ ከዚያ አላየሁትም፣ እላዩ ላይ ያልፋሉ። ሊገድለው የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም፤ ግን ሁሉም ረገጠው። ግቢው ባዶ ሲሆን ልጁ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተኝቷል፣ አንድ ጫማው የለም፣ ከጆሮው ደም ይወርዳል፣ ከጆንያዬ የፈሰሰው ድንች ዙሪያውን ተበትኗል። አገላብጬ ፊቱን ሳየው አወቅሁት። የጎጆ ልጅ ነው። ወንድ ልጄ ቤት ስቀመጥ ከታች በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን ልጅ። "አኮ፣ እንዴት አደርሽ" ሳይለኝ አልፎ አያውቅም ነበር፤ አኮ ማለት አያቴ ማለት ነው በኦሮምኛ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ኢሜል የሚሉትን ነገር ግን ያወቅሁት በደም ነው።

ያ ወረቀት ከኢሜል የታተመ ነበር። ለተማሪዎቹ ሁሉ ደርሷል። አንድ የትምህርት ክፍል መዘጋቱን፣ ሊመረቁ ትንሽ የቀራቸው ተማሪዎች መሰናበታቸውን፣ ያለባቸውን ንብረት መልሰው ግቢውን እንዲለቁ ይናገራል። ከሥር የአማቼ ስም አለ፣ ከላይ የኮሌጁ አድራሻ አለ። እሱ ግን አልጻፈውም። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

አማቼ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ልጄ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀን ሙሉ አፈጠጠችበት።

"እማዬ፣ ከኮሌጃችን አልወጣም" አለችኝ። "ባሕር ማዶ ካለ ማሽን ነው የተላከው።"

"ታዲያ ስሙ እንዴት ተገኘበት?"

"ስም ማንም ይጽፋል። አንቺም ከፈለግሽ የኮሌጁ ዲን ነኝ ብለሽ መላክ ትችያለሽ።"

"በር ላይ ጠያቂ የለም?"

"አልነበረም።" ኮምፒውተሩን ከደነችው። "ጠያቂ ማቆም የኔ ሥራ ነበር።"

የሞተው ልጅ አባት የለውም፤ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። ገብስ አርሶ፣ በግ ሸጦ ነው ያስተማረው። ሽማግሌዎች ወደ ጎጆ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ቤተኛ ስለሆንኩ፣ እግሬም አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማያውቅ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰውዬው ደጁ ላይ ቆሞ ተቀበለን፣ ግቡ አላለንም።

አንደኛው ሽማግሌ፣ "ኦቦ፣ ነገሩን እንደሆነው እንንገርህ። ደብዳቤውን የሬጅስትራሩ እጅ አልጻፈውም። ስሙን ሰርቀውት ነው" አሉት።

"ስም ይሰረቃል?" አለ። "ከብት ነው እንዴ? ከብት ሲሰረቅ እንኳ ባለቤቱ እሪ ይላል። እሱ እሪ ሲል የሰማ አለ?"

"አፉን እኮ ሰበሩት፣ በምኑ ይጩህ?" አልኩ እኔ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ወደ እኔ ዞረ። "አኮ፣ አንቺን አልናገርም። የወንድሜን ፊት ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ለነዚህ ግን ልናገር፦ ስሙን አይቻለሁ። በስሙ ወንድሜ ሞቷል። ጉማ አልቀበልም።"

ጉማ የደም ካሣ ነው። ጉማ አልቀበልም ያለ ሰው የሚቀበለው ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ቆባቸውን አደረጉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም፤ አማቼ ይገደላል ወይስ ይተርፋል፣ እሱ ብቻ።

አማቼ በጨርቅ የታሰረ ዓይኑን ይዞ ቤት ገባ። የኮሌጁ መስታወት ሁሉ ስለረገፈ፣ የቢሮ ስልኩም በድንጋዩ ስለደቀቀ፣ የልጄ ሥራ ወደ ሳሎን መጣ። ሁለት የሙያ ጓደኞቿ ይመጡ ነበር። አንዱ ረጅም፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ የሌላ ኮሌጅ ሰው ነው። ሌላዋ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ድርጅቱ በየወረዳው ሕፃናት ያስከትባል። የሦስቱንም መሥሪያ ቤት ስም እያስመሰሉ አታላዮች ይልኩበት ስለነበር አንድ ደንብ አውጥተው አብረው ሊያከብሩት ተስማሙ። የዓለም ሰዎች የጀመሩት ደንብ አለ፣ በእኛ ልክ እንቆርጠዋለን ይሉ ነበር።

እየሰማሁ ገባኝ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት "በስሜ መላክ የሚችሉት እነዚህ ማሽኖች ብቻ ናቸው" ብሎ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጥፋል። የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ ማኅተም አለው፤ በመንገድ አንዲት ፊደል የተነካች እንደሆነ ማኅተሙ ይሰበራል። ተቀባዩ ሁለቱን ያያል። እስከዚህ አልተጣሉም። የተጣሉት ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፦ ስሙ የትልቅ ቤት፣ አመጣጡ ግን ከማይታወቅ ቦታ የሆነ መልእክት ሲመጣ ተቀባዩ ምን ያድርገው?

"ወደ ጎን እናስቀምጠው" አለ ረጅሙ። "ሰው ይየውና ይወስን።"

"ማነው ሰውየው?" አለች ልጄ።

"እኔ አላውቅም። ሥራ ፈት አይጠፋም። ዘበኛው።"

ዝምተኛይቱ ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። ጓዳ ውስጥ አማቼ ያቃስታል፤ ዓይኑ የነበረበት ቦታ መግል ይዞ ሐኪሙ ጠርጎ የሄደው በዚያው ቀን ነው።

"ስማ" አለችው። "ያንን ወረቀት ወደ ጎን አስቀምጬው ቢሆን፣ አንድ ሰው ከፍቶ፣ አምኖ፣ አትሞ ያወጣው ነበር። በር ላይ ይመለስ። አይግባ፣ አይቀመጥ፣ አይታይ። ውሻው ይንከሰው።"

"የኛ አገር ሰው ግን..." ብሎ ጀመረ ረጅሙ።

"የኛ አገር ሰው ምን?"

"በሰው እጅ መላክ ይወዳል። እንደ አደራ። አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው። እውነተኛውም ጠማማ መንገድ ነው የሚመጣው።"

"ጠማማውን ያቃና!" ስትል ጓዳው ውስጥ አማቼ በእንቅልፍ ልቡ "አይደለም! አይደለም!" ብሎ ጮኸ። ክርክሩ በዚያ አለቀ። ሦስቱም መሥሪያ ቤቶች በስማቸው የመጣ የማይታወቅ መልእክት በር ላይ እንዲመለስ ደነገጉ። አንድ ነገር ረጅሙ አስጨመረ፦ የመለሰው ቤት ለባለስሙ "በስምህ ይህን መልሻለሁ" ብሎ በማግስቱ ይንገር። ልጄም ይሁን አለች።

ደግሞም ሠራ። በአማቼ ስም ሁለተኛ መጣ፣ ተመለሰ። ሦስተኛ፣ በዲኑ ስም የጻፉት ጸያፍ ስድብ መጣ፣ ተመለሰ። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ ስትበላ አየኋት። እኔም ልቤ ሲያርፍ እግሬ ተነሣ፤ ወንድ ልጄ ዘንድ ጎጆ ወጣሁ።

የገበያ ቀን ነው። ስለት የሚሞርደው ሰውዬ ዘንድ ማጭድ ላስስል ሄጄ፣ ያ ታላቅ ወንድም ከፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ገጀራ ነው የያዘው። ሞራጁ "ኦቦ፣ ይሄ ለእንጨት ከሆነ በቂ ነው" ይለዋል። "ጨምርበት" ይላል እሱ። አፉ አረቄ ይሸታል። አይቶኝ አንገቱን ደፋ፣ ሰላም አለኝ፤ እጄን ይዞ ሳመኝ እንኳ። ከዚያ ገጀራውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ አምቦ በሚወርደው አይሱዙ ላይ ወጣ። መኪናው ሞልቷል ብለው እኔን ከለከሉኝ። ለምኛለሁ፣ ጎኑ ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ረዳቱ በእጄ ላይ መታኝ። "እማማ፣ ነገ አለ" አለኝ።

ስልክ አስደወልኩ። የአምቦ ኔትወርክ ከሰሞኑ ጠፍቶ የልጄም የአማቼም አይሠራም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ "ገጀራ የያዘ ገበሬ ሁሉ ይታሰር?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ። የእርዳታ ድርጅቱ ክትባት የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ ጎጆ ተመድቧል። አምቦ በልጄ ቢሮ ስልክ ባይሠራም ኢንተርኔት በሌላ መስመር እንዳለ አውቃለሁ፣ ከልጄ ሰምቼ። ሮጥኩ። ሩጫዬን ያየ ሕፃን ተከትሎኝ ሳቀ።

የክትባቱ ልጅ ጨዋ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ኢሜል ከፈተልኝ።

"ምን ብዬ ልጻፍ፣ አኮ?"

ነገርኩት። ጻፈ። ከዚያ ጣቱን አቁሞ አሰበ።

"በራሴ ስም ብልከው ማን ያየዋል? ልጅሽ አታውቀኝም። እንደ ሎተሪ ወሬ ትጥለዋለች። የድርጅቱን ስም ላድርግበት። በትልቅ ስም የመጣ ይከፈታል።"

ደግ ነው ያሰበው። እኛ አገር ደጅ የሚያንኳኳ ሰው የራሱን ስም መች ይናገራል? "የእገሌ ልጅ ነኝ፣ የእገሌ አማች ነኝ" ነው የሚለው፤ በሩ የሚከፈተውም በዚያ ነው። ከልጅነት የለመድነውን አደረገ። እኔም "ተባረክ" አልኩት። ላከው። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሁለታችንም ደርሷል ብለን ተቃቅፈን ተለያየን። ጎጆ ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ማሽን ግን ድርጅቱ ከለጠፋቸው ማሽኖች አንዱ አልነበረም።

በማለዳ መኪና ወረድኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። አምቦ ስገባ ባጃጅ አልያዝኩም፣ በእግሬ ሮጥኩ። ከሩቅ ሰው ተሰብስቧል። ኮሌጁ በር ላይ ነው፣ ያው በር።

ሰውዬው በሥራ መግቢያ ሰዓት አጥሩ ሥር ቆሞ ጠብቆታል። አማቼ ላይ የመጣው በማያይበት ጎኑ ነው፤ የግራ ዓይኑ ቢኖር ያየው ነበር። የመጀመሪያው አንገቱ ላይ አረፈ። ልጄ ከኋላው ነበረች፤ ክንዷን አስገባች፣ ሁለተኛው ክንዷ ላይ አረፈና አጥንቷ ወጣ። ሦስተኛውን ማንም አልያዘውም። ስደርስ ደሙ ገና ይሞቃል፣ ከሲሚንቶው ላይ ጭስ መሰል ነገር ይነሣል። ልጄ በደህና እጇ አንገቱን ጨምቃ ይዛለች። "ይዤዋለሁ፣ እማዬ፣ ይዤዋለሁ" ትለኛለች። የያዘችው የሞተ ሰው ነው። ገዳዩ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገባቸው ቁጭ ብሏል። አልሸሸም። ፖሊስ ሲመጣ እጁን ዘረጋ፣ በኦሮምኛ "ጨረስኩ" አለ። አንድ ወጣት በድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው፤ እንኳን ሊሸሽ ደሙንም አልጠረገ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ጮኸ፣ ልጄ ግን አልጮኸችም። ክንዷ በጄሶ ነው። ሰው ሲቀልል ኮምፒውተሬን አምጪልኝ አለችኝ። ባል ተቀብሮ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል ብዬ ልቆጣት አሰብኩ፣ ዓይኗን አይቼ አመጣሁላት። ዝምተኛይቱ አጠገቧ ተቀምጣለች። በእርዳታ ድርጅቱ በኩል አንድ ማስታወቂያ ደርሶ ነበርና እሷ ናት የነገረቻት፦ የልጄ ኮሌጅ ከገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ በድርጅቱ ስም የመጣ አንድ መልእክት በር ላይ መልሷል፤ የተላከው ከጎጆ ነው። ደንቡ እንዳዘዘው ለባለስሙ ተነግሯል። ምን እንደሚል ግን አይናገርም። የተመለሰ አይቀመጥም።

ልጄ ከኮምፒውተሩ ቀና ብላ አየችኝ።

"እማዬ፣ ከጎጆ ምን ብለሽ አስጻፍሽ?"

መናገር አልፈለግሁም። ግን ልጄ ናት፣ ባሏ ነው።

"'ሰውዬው ገጀራ ስሎ ዛሬ ወደ እናንተ ወርዷል። ነገ ከቤት እንዳትወጡ። እደርሳለሁ፣ እናትሽ' ብዬ ነው" አልኳት።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

"'እደርሳለሁ' ብለሻል?"

"ብያለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች፣ ልክ ያነበበችው ይመስል። ከዚያ ጄሶውን ግድግዳው ላይ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጄሶው እስኪሰነጠቅ። ሁለታችን ተንጠልጥለን ያዝናት፤ ጉልበቷ የወንድ ነበር። "ያስገባነው ያንን ልጅ ገደለ" ትላለች፣ "የመለስነው ባሌን ገደለ። ያስገባነው ገደለ፣ የመለስነው ገደለ።" እስክትደክም ድረስ ይህንኑ ትላለች።

ያ መልእክቱን የላከልኝ የጎጆው ልጅ መጥቶ እግሯ ላይ ወድቆ ነበር። "አልደረሰም" የሚል ነገር ወደ ሳጥኑ ተመልሶለት ኖሯል፤ ሳጥኑን የከፈተው መብራት ሲመጣ ነው፤ መብራት የመጣው አማቼ ከተቀበረ በኋላ። "ስሙን ያስገባሁት እንዲከበር ብዬ ነው" እያለ አለቀሰ። ልጄ በደህና እጇ አነሣችው። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም። "ብላ" አለችው፣ በላ።

ሐዘኗን ሳትጨርስ ሦስቱ እንደገና ተሰበሰቡ። ረጅሙ ያን ቀን አልቀለደም። "ወደ ጎን ማስቀመጡን..." አለ።

"ይቀመጥ" አለች። "በር ላይ አይመለስ። ውስጥም አይግባ። በጓሮ ይቀመጥ።"

"ማን ያየዋል?" ብሎ ጠየቃት። ቀስ ብሎ ነው የጠየቃት፤ የራሷን ቃል ሊመልስባት አልነበረም።

"እኔ" አለች። "የሦስታችንንም። በየጠዋቱ።"

"የሦስቱን? ቆሻሻ ነው እኮ፣ አንቺን ይገልሻል።"

"አንድ ባንድ አያለሁ አልኩህ።"

ዝምተኛይቱ ጻፈችው። ደንብ ሆነ።

ክንዷ አልተቃናም፤ ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ያን ዓመት እግሬን ሰብስቤ እሷ ዘንድ ተቀመጥኩ። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ፣ አንዲት ጉርሻ ሳትቀምስ፣ በጓሮ የተቀመጠውን ትከፍታለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ድንች እልጣለሁ። የሰው ልጅ ምን ያህል ክፉ እንደሚጽፍ ያወቅሁት በዚያ ነው። በባሏ ስም ጭምር ይጽፋሉ፤ ከሞተ በኋላም በስሙ ይጽፋሉ።

"ይሄ ምን ይላል?" እላታለሁ።

"ሎተሪ ደረሰሽ ይላል።"

"ያኛውስ?"

"እናሳርድሻለን ይላል። በዲኑ ስም።"

"ጣይው።"

"ቆይ፣ እስከ መጨረሻው ላንብበው" ትላለች፤ ታነበዋለች፣ ከዚያ ትጥለዋለች፣ ቀጣዩን ትከፍታለች።